ሁሉም «ጥሩ ነው» ያሏት ሞዴስ

ማስተዋል እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የመጣሁት ከአማኑኤል ነው። የምጽፍላችሁ በሚያዝያ መጨረሻ፣ በአንድ ሐሙስና በማግስቱ አርብ የገጠመኝን ነው። ጉዳዩ ስለ ወር አበባ ስለሆነ ብዕር አንስቼ ሁለት ጊዜ አስቀምጫለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሳነሳ፣ ከአንባቢዎቼ ከግማሽ በላዩ የሚያውቁት ነገር ነው፣ የቀሩትም እናትና እህት አላቸው ብዬ ቀጠልኩ።

መጀመሪያ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሰው ቅር እንዲለው የማልፈልግ ልጅ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ እጄን የማወጣው መልሱን ስለማውቅ ብቻ አልነበረም፤ መምህሩ ጠይቆ ሁሉም ዝም ሲል ስለሚያሳዝነኝ ጭምር ነው። ዶርም ውስጥ ስምንት ሆነን ስንኖር የሁሉንም ጀሪካን ውሃ የምሞላው እኔ ነበርኩ። ይህ ባሕርይ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አባቴ ሰው ቤት ተጋብዞ ወጡ ጨው ቢበዛበት «ጣፈጠኝ» ብሎ ጭልፋ የሚያስጨምር ሰው ነው። በኛ አገር እንግዳም ባለቤትም እንዲህ ነው፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ የደከመን ሰው «አልሆነልህም» ማለት ነውር ነው።

በመጀመሪያው ሴሚስተር የኬሚስትሪ መምህራችን መምህርት ሂሩት አምስት ተማሪዎችን ሰብስባ አንድ ጥያቄ ጠየቀችን። «ትምህርት ቤት ሳላችሁ ያስቸገራችሁና ማንም ያልሠራላችሁ ነገር ምንድን ነው?» እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የሆነብኝን ተናገርኩ። ሰሌዳ ላይ ወጥቼ ሒሳብ ሠርቼ ስመለስ ከኋላ ሳቅ ተነሳ። ቀሚሴ መበላሸቱን ያወቅሁት በሳቁ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ሳምንት ክፍል አልገባሁም።

«ታዲያ የቸገረሽ ሞዴስ ማጣት ነበር?» አለችኝ።

«ሞዴስስ ነበረኝ ቲቸር። መቼ እንደሞላ ነው ያላወቅሁት።»

በዚህ ተጀመረ። ሞዴሳችንን የሰፋነው ታጥቦ እንደገና ከሚያገለግል የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ከታች ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ አለው። ከመሐል ተነስታ ወደ ፊት ጠርዙ የምትወጣ ነጭ ጥብጣብ ጨመርንበት። ሞዴሱ መሙላት ሲጀምር እርጥበቱ በጥብጣቧ ተስቦ ይወጣና ጫፏ ይቀላል። ጫፏ ከቀላ መቀየሪያው ደርሷል፤ ቀሚስ ግን ገና አልተበላሸም። ጥብጣቧን «ምላስ» አልናት። ዶርም ውስጥ የሞከሩ ልጆች ሁሉ ወደዷት። መታጠቢያ ቤቱ መብራትም በርም አለው፤ ገብተው ያያሉ፣ ይቀይራሉ፣ ይወጣሉ።

ከዚያ በኋላ ሮብ ገበያ ከምትባል ከተማ አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለሚማሩ አሥራ ሁለት ልጃገረዶች አከፋፈልን። ሁለት ወር እንዲሞክሩና ቅጽ እንዲሞሉ ነገርናቸው። በዚሁ መሐል ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ፈጠራ አንድ ክፍልና ሦስት የስፌት መኪና ሊሰጥ መሆኑ ተሰማ። ብዙ ቡድን ተመዝግቧል፤ የሚወስነው ኮሚቴ የሚቀመጠው አርብ ጠዋት ነው። የምንሰፋበት መኪና የተውሶ ነበር። መምህርት ሂሩት ሳትሸሽግ ነገረችን። «ይህን ካላገኘን ሰኔ ላይ መኪናው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። እናንተም ወደየትምህርት ክፍላችሁ ትበተናላችሁ። ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል።»

እኔን ረቡዕ ዕለት ላከችኝ፤ ቅጾቹን ሰብስቤ፣ ለኮሚቴው የምትናገር አንዲት ልጅ ይዤ ሐሙስ እንድመለስ። የተመረጠችው እናትነሽ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቀጠን ያለች፣ ሳቂታ፣ ስትናገር ሰው ዐይን ውስጥ የምትገባ ልጅ። እናቷ ፈቅዳ፣ ማርቆስ ባለችው አክስቷ ቤት እንድታድር ተስማማን።

ቅጾቹን ረቡዕ አመሻሽ ላይ አነበብኳቸው። «የንጽህና መጠበቂያው መቀየሪያው ሲደርስ አሳውቆሻል ወይ?» ለሚለው አሥራ ሁለቱም «አዎ» ብለዋል። «አስተያየት» ከሚለው ሥር አሥራ ሁለቱም «በጣም ጥሩ ነው» ብለው ጽፈዋል። አንዷ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብላ ጨምራለች። ሦስት ጊዜ አነበብኳቸው። አንድም ቅሬታ የለም። ያኔ ይህ ደስ አሰኘኝ እንጂ አልደነቀኝም።

ሐሙስ ጠዋት ስነሳ የወር አበባዬ መጥቷል። ደስ አለኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ከቦርሳዬ የራሳችንን ሞዴስ አወጣሁና በኩራት አደረግሁት። ነገ ኮሚቴው ፊት ቆሜ «እኔም በመንገድ ሞክሬዋለሁ» እላለሁ ብዬ አሰብኩ። ሁለት ሰዓት ላይ ከእናትነሽ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን።

ከኋላ ወንበር መሐል ላይ ተቀመጥኩ። በግራዬ እናትነሽ፣ በቀኜ አንዲት መነኩሲት፣ እማሆይ፣ ከረጢታቸውን አቅፈው። ረዳቱ በሩን ይዞ «ጠጋ ጠጋ በሉልኝ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው» ይላል።

«አንተ ልጅ» አሉ እማሆይ፣ «አንድ ሰው እያልህ አራት ጫንህ። ሥላሴ እንኳ ሦስት ናቸው።»

«እማሆይ፣ እርስዎ ቀጭን ስለሆኑ አልቆጠርኩዎትም።»

መኪናው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መንገዱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ማርቆስ እንገባለን ብዬ ልቤን አሳርፌ ነበር።

መንገድ ከጀመርን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላን ከጮቄ ተራራ በኩል የመጣው ዝናብ ያዘን። ቀጥሎ በረዶ ሆነ። ሾፌሩ አንዲት ቁልቁለት ላይ መሪውን ወደ ግራ ቢጠመዝዝ መኪናው ወደ ቀኝ ሄደ፤ በዝግታ፣ እንደ ሽማግሌ ተንሸራቶ፣ የፊት ጎማው ቦይ ውስጥ ተቀበረ። የተጎዳ ሰው የለም። ሾፌሩ ወርዶ አየና ተመለሰ።

«ይህን የሚያወጣው ትራክተር ነው» አለ። «ከታች መንደር ሰው ልኬያለሁ። በትዕግሥት።»

ተቀመጥን። አንድ ሰዓት አለፈ። የመኪናው ጣሪያ በበረዶ ይደበደባል፣ መስኮቱ በትንፋሽ ጭጋግ ለብሷል። ጉልበቴ ከፊቴ ካለው ወንበር ጋር ተጋጥሟል። መቀመጫዬ ሞቆኛል፤ ሙቀቱ ከላብ ይሁን ከሌላ አላውቅም። ያን ጊዜ ነው ምላሷን ላያት የፈለግሁት። ላያት። ግን የት? በግራም በቀኝም ሰው አለ። ከፊት ሰው አለ። ውጭ ሜዳ ነው፤ አንድ ዛፍ እንኳ በቅርብ የለም። ምላሷ ከቀሚሴ ሥር፣ ከውስጥ ሱሪዬ ጠርዝ ላይ ሆና ምናልባት ቀልታለች፣ ምናልባትም ነጭ ናት። እኔ ሠራኋት፣ እኔ ለብሻታለሁ፣ ምን እንደምትል ግን አላውቅም። ዘጠነኛ ክፍል ሰሌዳ ፊት የነበርኩት ልጅና የዛሬዋ እኔ በምንም አንለያይም።

ከመንገዱ ከፍ ብሎ ቤተ ክርስቲያን አለ። አንድ አባወራ «ኧረ እዚህ ከሚበርደን የሰንበቴ ቤቱ ክፍት ነው፣ እሳትም አይጠፋም፤ እንሂድ» አሉና ሰው ሁሉ ተነሳ። የሰንበቴ ቤቱ ያለው ከቅጥሩ ውስጥ ነው። እኔ በዚያ ቀን ቅጥር አልገባም። ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ እናቴ እንደዚያ ነው ያሳደገችኝ። ደግሞም ብነሳ ከኋላዬ ምን እንደሚታይ አላውቅም። ሰው እየወረደ ሲሄድ እኔ አልተነሳሁም። እናትነሽም አልተነሳችም።

«ልጆች፣ ኑ እንጂ» አሉ አባወራው ከበሩ ላይ።

«እኛ እዚሁ እንጠብቃለን ጋሼ።»

«ምን ልትጠብቁ? መኪናውን እንደሆነ ሌባ ቢመጣም አያወጣውም።»

ሌሎች ሳቁ። ፊቴ ጋለ። እማሆይ ሊወርዱ አንድ እግራቸውን አውጥተው ነበር፤ ዘወር ብለው አንድ ጊዜ አዩኝ፤ ከረጢታቸውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት።

«ተዋቸው» አሉ። «ዕቃዬን እንዲጠብቁልኝ እኔ ነኝ ያልኳቸው።»

ሁሉም ሄዱ። መኪናው ውስጥ እኔና እናትነሽ ብቻ ቀረን፤ ሾፌሩና ረዳቱ ግን ጎማውን በአካፋ እየቆፈሩ በመስኮቶቹ ዙሪያ ይዞራሉ። ብቻችንን ሆነንም ማየት አልቻልኩም።

«እናትነሽ» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «አንቺ ክፍል ውስጥ ሆነሽ ምላሷን እንዴት ነበር የምታዪያት?»

ጥፍሯን ታይ ጀመር።

«ሽንት ቤት ገብተሽ ነው?»

«የኛ ሽንት ቤት በር የለውም እታለም። እዚያ ስንገባ አንዷ ነጠላ ዘርግታ ትይዝልናለች። ነጠላው ሲከለል ደግሞ ጨለማ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ አላየኋትም።»

«አንዴም?»

«ቤት ስገባ። ቤት ስገባ ግን ምን ይሠራልኛል፣ እናቴ ቀሚሴን አይታ ትነግረኛለች።»

«ሌሎቹስ?»

«ማናችንም አላየናትም።»

ውጭ ረዳቱ አካፋውን ድንጋይ ላይ መትቶ ተሳደበ። እኔ ቅጾቹ ያሉበትን ቦርሳ አቅፌ ተቀመጥኩ።

«‹በጣም ጥሩ ነው› ብላችሁ ጽፋችኋልኮ። አሥራ ሁለታችሁም።»

«እታለም፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥተሽ። መጀመሪያ የመጣሽ ቀን ጫማሽ ጭቃ ውጦት በባዶ እግርሽ ነው ክፍላችን የገባሽው። እየሳቅሽ። በእጃችሁ ሰፍታችሁ ነው ያመጣችሁልን። ምን ብለን እናሳዝንሽ? ደግሞ ጨርቁ ጥሩ ነው። አያሳክክም። ውሸት አልጻፍንም።»

«‹አሳውቆሻል ወይ› ለሚለው ‹አዎ› ብላችኋል።»

«እሱ ውሸት ነው» አለች። ቀጥላም፣ «ተቆጣሽ?»

መቆጣት ፈልጌ ነበር። ግን እነሱ ያደረጉት እኔ ዕድሜዬን ሁሉ የማደርገውን ነው። አባቴ ጨው የበዛበትን ወጥ ሲያስጨምር በሐሳቤ አየሁት፤ ወጥ የሠራችው ሴትዮ ደግሞ በሚቀጥለው በዓል ያንኑ ያህል ጨው ስትጨምር።

«አልተቆጣሁም» አልኳት። «ምን ቢሆን ይሻል ነበር? አሁን ንገሪኝ፣ ማንም የለም። እንዳታዝኚልኝ።»

«የሚታይ ነገር አይሆንም» አለች። «በእጅ የሚታወቅ ቢሆን። እኔ ጠዋት የደብተሬን ቦርሳ በጨለማ ነው የማዘጋጀው፤ የቱ ደብተር የምን እንደሆነ በጣቴ አውቃለሁ። ክፍል ውስጥ ቀሚሱን እንደሚያስተካክል ሰው እንዲህ» ቀሚሷን ከጭኗ ላይ ሳብ አደረገች፣ «እንዲህ አድርጌ ብዳስሰው ማንም አያይም። አሁን ደርቋል፣ አሁን ርሷል ብዬ አውቃለሁ።»

«ጥጥ ሲደርቅም ሲርስም ለስላሳ ነው። በቀሚስ ላይ በጣት አይለይም።»

«ተልባ ቢቀባስ?»

«ምን?»

ሹሩባዋን ወደ ፊት አመጣችው። ከቤቷ ስትነሳ ጫፍ ጫፉ እንዳይፈታ በተልባ ውሃ እንደተቀባ ነገረችኝ፤ እናቷ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው። የግራ ጎኗን መስኮቱ ሲያንጠባጥብባት ነበር። «ንኪው» አለችኝ። በቀኝ ያለው ጫፍ እንደ ጭድ ደርቆ ቆሟል። በግራ ያለው ርሶ ጣቴ ላይ ተጠመዘዘ። ዐይኔን ጨፍኜ ደግሜ ነካሁ። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ማየት አያስፈልግም ነበር።

ከዚያ እናትነሽ «ሹሩባዬን ልታስፈቺኝ ነው?» አለችና አስቃኝ ቁጭ አለች።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። እማሆይ ናቸው፣ ራሳቸው ላይ ላስቲክ ጣል አድርገው።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ። የአንዲት ወዳጄ ጎጆ አለ፤ ከቅጥሩ ውጭ ነው። እሷ የለችም፣ ቁልፉን ጎረቤቶቿ ሰጥተውኛል። ላስቲኩን ከኋላሽ ያዢው።»

ለምን እንደሚወስዱኝ አልጠየቅሁም። ጎጆዋ መስኮት የላትም። በሩን ዘጉልኝና ከውጭ እንደ ዘበኛ ቆሙ። ቦርሳዬ ውስጥ መቀየሪያ አለኝ። በጨለማ ያደረግሁትን አወጣሁና እጄ ላይ ይዤ፣ ከልማድ ይሁን ከሞኝነት፣ ምላሷን ለማየት ወደ ፊቴ አስጠጋኋት። ምንም አይታይም። ብቻዬን፣ በር ተዘግቶልኝ፣ ሞዴሷ እጄ ላይ ሆና፣ አሁንም አላየኋትም። ሳቄ መጣ። ወደ በሩ ስንጥቅ ስጠጋ ቀይ ናት፤ የቀላችውም ቀደም ብሎ ነው፤ ከቀሚሴ ጀርባ መዳፍ የሚያህል ተበላሽቷል።

ስወጣ እማሆይ ትከሻቸው ላይ የነበረውን ፎጣ ሰጡኝ። «አገልድሚው። ማርቆስ ስትደርሺ ትመልሺልኛለሽ።»

«እንዴት አወቁ እማሆይ?»

«ልጄ፣ ከዓለም ነው የመነኮስኩት። ሴት እንደነበርኩ አልረሳሁም።» ከዚያም እየሄድን፣ «የምትሠሩትን ነገር ከዚያች ልጅ ጋር ስታወሩ መኪና ውስጥ ሰምቻለሁ። ጥሩ ነገር ነው?»

አፌ «አዎ» ሊል ተከፍቶ ነበር። «ገና አይደለም» አልኳቸው።

ትራክተሩ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ማርቆስ የገባነው ወደ አሥር ሰዓት ነው። እናትነሽን አክስቷ ቤት አድርሼ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ ፎጣቸውን ለእማሆይ መልሼ ወደ መምህርት ሂሩት ቢሮ ሄድኩ። ወረቀት በወረቀት ሆና አገኘኋት። ቅጾቹን ከእጄ ተቀበለችና ቆማ አነበበች። ፊቷ እየበራ ሄደ።

«አሥራ ሁለቱም?»

«ቲቸር፣ አንድ ነገር አለ። በመንገድ ላይ...»

«ደክሞሻል፣ ገብቶኛል። ያሉንን ትናንሽ ችግሮች ከነገ በኋላ እናስተካክላለን። ነገ ከአንቺ የምፈልገው ተረጋግተሽ መናገር ብቻ ነው። አንቺ ስትናገሪ ሰው ያምንሻል።»

«እሺ ቲቸር» ብዬ ወጣሁ። ይህን ዛሬም ሳስታውስ ያሳፍረኛል። መንገዱን ሁሉ የተለማመድኩት ንግግር በአንድ «እሺ» አለቀ።

ዶርም ገብቼ ከአንዷ ልጅ ተልባ ለመንኩ፤ እናቷ ከላከችላት ሳትሰስት ሰጠችኝ። በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኩ፣ በምላሷ ፈንታ የሚገባ የጥጥ ክር ነከርኩበት፣ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ። ጠዋት ክሩ ጭድ ሆኖ ጠበቀኝ። ሁለት ትናንሽ ጨርቆች ውስጥ ሰፋሁት። ሰፍቼ ግን ምን እንደማደርግበት አልወሰንኩም ነበር። ለኮሚቴው እውነቱን ብነግር ክፍሉን እናጣለን፣ መምህሬን በሰው ፊት አሳፍራለሁ፣ ሥራው ያበቃል። ዝም ብል ሦስት የስፌት መኪና ይገባልንና ማንም የማያያትን ምላስ በብዛት እንሰፋለን።

የኮሚቴው ሰዎች ሦስት ነበሩ፤ ሊቀመንበሩ ሸበት ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሰው፣ አንዲት የጤና መምህርት፣ አንድ ዝም የሚል ጎልማሳ። መምህርት ሂሩት ሥራውን አስተዋወቀች። ቅጾቹን አሳየች። ሊቀመንበሩ ወደ እናትነሽ ዞሩ።

«እስኪ አንቺ ልጄ፣ እንዴት አገኘሽው?»

እናትነሽ ቆመች። እኔን አየችኝ። ምን ልትል እንደሆነ ከፊቷ አነበብኩ፤ «በጣም ጥሩ ነው» ልትልልኝ ነው። ልታተርፈኝ ነው።

«ይቅርታ» አልኩ ተነስቼ። «እሷን አትጠይቋት። የጠየቃችሁት እኔ ባለሁበት ነው፤ እኔ ባለሁበት እውነቱን አትነግራችሁም። ቅጹን የሞሉትም ለእኔ አዝነው ነው። ምልክቷ አልሠራችም። ዶርም ውስጥ ትሠራለች፤ በር በሌለው ሽንት ቤት፣ በጨለማ፣ በመኪና ውስጥ አትሠራም። ትናንት እኔው ለብሻት አልሠራችም።»

መምህርት ሂሩትን ላለማየት ሊቀመንበሩን አየሁ።

«ታዲያ ምን ልታሳዪን መጣሽ?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም።

«ዐይንዎን ይጨፍኑልኝ።»

«ሊቀመንበር ከሆንኩ ወዲህ ዐይንህን ጨፍን ያለኝ ሰው የለም» አሉና ጨፈኑ።

አንደኛውን ጨርቅ ከፊታቸው ካለው ብርጭቆ ውሃ ነካ አድርጌ ሁለቱንም ከጠረጴዛው ልብስ ሥር አስገባሁ። «በጠረጴዛው ልብስ ላይ ይዳስሱ» አልኳቸው።

ዳሰሱ። «ይቺ ደረቅ ናት። ይቺ... ይቺ የለችም እንዴ? አይ፣ አለች፣ ለስልሳለች።»

«እሱን ያገኘችው እናትነሽ ናት» አልኩ።

የጤና መምህርቷ ወረቀቷን አስቀመጠች። «ላብ ቢያርሰውስ? በታጠበ ቁጥር ተልባው አይለቅም? ቆዳ ላይስ?»

«ላቡን አላውቅም። ቆዳውንም አላውቅም። ሲታጠብ ይለቃል።»

«ሲለቅ መልሶ መንከር ነው» አለች እናትነሽ ከጎኔ። «ተልባ ደግሞ ቤታችን አለ። እናንተን አንጠብቅም።»

ዝም የሚለው ጎልማሳ የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ክፍሉ ለሌላ ቡድን ተሰጠ። ሦስቱም መኪኖች ከክፍሉ ጋር ሄዱ። ከአዳራሹ ወጥተን እስከ ግቢው በር ድረስ መምህርት ሂሩት ቅጾቹን ይዛ ከፊቴ ፈጥና ሄደች። እኔም የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀስኩም። በሩ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ትናንት ልትነግሪኝ ነበር የመጣሽው።»

«አዎ ቲቸር።»

«አላስጨረስኩሽም። አንቺም ቶሎ እሺ አልሽ። ከእንግዲህ ሁለታችንም እንዲህ አናድርግ።»

ከአራት ቀን በኋላ የጤና መምህርቷ ቢሮዋ ጠራችን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪኖቹ ሥራ ስለሚፈቱ፣ ባለ ክፍሎቹም ስለተስማሙ፣ ከአንዱ ላይ እንድንሰፋ ፈቀደችልን። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰን እንድንቀርብም ነገረችን፤ «የማታውቁትን ዝርዝር ይዛችሁ» አለች። አልተበተንንም።

አንባቢዎቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰው ላንተ ብሎ፣ ላንቺ ብሎ የደከመበትን ነገር ይዞ መጥቶ «እንዴት ነው?» ሲላችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ «ጥሩ ነው» እያልኩ አድጌያለሁ፣ ደግ ሥራ መስሎኝ። አሁንም ነውር ነው አልልም፤ እነዚያ አሥራ ሁለት ልጆች የዋሹኝ ስለወደዱኝ ነው። ግን ፍቅራቸው እነሱን በተበላሸ ቀሚስ እያስቀመጠ እኔን ሲያስደስት ነበር። የከበደኝ እውነት መናገር ብቻ አልነበረም። ሰው እውነቱን ሊነግረኝ እንዲችል ሆኖ መገኘት ነው የከበደኝ። ለዚያ ደስተኛ ፊቴን ከመሐል ማውጣት ነበረብኝ።

ስለዚህ አዲሶቹን በግንቦት መጀመሪያ አድርሰን፣ በሰኔ መጀመሪያ ወደዚያ ትምህርት ቤት ስንመለስ ሌላ መላ አደረግን። ጠያቂዋ እናትነሽ ሆነች። እኔ ከክፍሉ ውጭ፣ ግድግዳው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ እንዳለሁ ያውቃሉ፣ ፊቴን ግን አያዩም። ወር ሙሉ የሞከሩት ልጆች መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ እናትነሽ «እታለም ውጭ ናት፣ አታዝንም፣ ማዘኑን ትታዋለች» አለቻቸው። ሳቅ ተነሳ።

«እኔ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ዳስሼ አወቅሁ» አለች አንዷ። «አስፈቅጄ ወጥቼ ተመለስኩ። ማንም አላወቀም።»

«እኔንም ነግራኛለች» አለች ሌላዋ። «ስሮጥ ግን በላብ ትለሰልስና ትዋሸኛለች።»

«የኔዋ ደግሞ ትወጋለች። ስቀመጥ ጭኔን ትወጋኛለች። ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሰፋት?»

የሰፋኋት እኔ ነበርኩ። ደብተሬን ከፍቼ «ትወጋለች» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ አሰመርኩበት። ከውስጥ ሌላዋ «የኔም ትወጋለች፣ እኔስ ላለመናገር ነው» ስትል ሰማሁ፤ ከዚያ ሁሉም እየተሻሙ ይናገሩ ጀመር፣ እናትነሽም «ተራ በተራ፣ እየጻፈች ነው» ብላ ጮኸችባቸው። እጄ አልደርስ እስኪለኝ ጻፍኩ።